ቁጥር ሃያ አንድ ከሁሉም ኋላ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የፌርፋክስን መንገድ ይዤ ወደ ኦሊምፒክ ጎዳና ስሄድ፣ አሮጌ ሕንፃ አፍርሰው ባዶ ያስቀሩት ቦታ ላይ አንድ ቦቴ መኪና አቧራው እንዳይነሳ ውኃ ይረጭ ነበር። የእርጥብ አፈሩ ሽታ ሲመጣብኝ እግሬ ቆመ። በዚህ ከተማ አፈር የሚሸትበት ቦታ ብዙ የለም። ሰው ደግሞ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም የታመመ ይመስላል መሰለኝ፣ አንዲት ሴት ውሻዋን እየጎተተች «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ ነኝ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን አልነበርኩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዓይን ያላየሁት ጓደኛዬ ይልማ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ከሚኒሶታ መጥቶ፣ ያን ቀን ለምሳ ተቃጥረን ነበር። በስልክ በየበዓሉ እንኳን አደረሰህ እንባባላለን። ነገር ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሳልነግረው ያስቀመጥኩት አንድ ነገር አለ፤ በስልክ የሚነገር አይደለም ብዬ ራሴን እያታለልኩ የኖርኩበት ነገር። ዛሬ ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ ከቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። እና ያ የእርጥብ አፈር ሽታ ልክ በዚያ ሰዓት መምጣቱ እንደ መጥሪያ ነው የሆነብኝ።

ያኔ፣ እዚህ አገር ገና እንደመጣን፣ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ቤት ይልማን ጨምሮ ለአራት እንኖር ነበር። ሁለቱ አልጋ ላይ፣ ሁለቱ ምንጣፍ ላይ፤ በየሳምንቱ ተራ እንቀያየራለን። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር ብዙም አይዘልም ነበር፤ በአንዲት የአውቶቡስ ትራንስፈር ወረቀት ግማሽ ከተማ ይዞራል። ፌርፋክስ ገና እንዲህ በእኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት አልተሞላም፤ ዛሬ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰላምታ ሳይሰጡ የማያልፉበት ጥግ ያኔ ሰው የማያውቀን ጥግ ነበር። ትከሻው በስፖንጅ የተቆለለ ጃኬት እንለብሳለን፤ እኔ ቀጭን ስለነበርኩ ጃኬቱ ተሰቅሎ የሚሄድ ይመስል ነበር ይሉኛል። ሙዚቃው ሁሉ ካሴት ነው። ካሴቱ ሲጠመጠም በእርሳስ እያዞርን እንፈታዋለን፤ አንዱ ዘፈን መሃሉ ተበልቶብን ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ ያን ዘፈን ሌላ ቦታ ስሰማው መሃሉ ላይ ትርፍ የጨመሩበት ይመስለኛል። ሥራችን ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል መኪና ማቆም ነው፤ ቀይ ሰደርያ አልብሰው፣ ሰው ቁልፉን ሲሰጠን ሮጠን እንድንሄድ ይፈልጋሉ። ሩጫውን ይልማ አይወድም ነበር። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሌላ ሰው ነው።

ይልማ አገር ቤት የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ተሳቢ እየጎተተ ያን በረሃ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እሱም አያውቀው። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ በዚህ ምክንያት ቤቱ ውስጥ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚነበበው፣ ስልክ ሲጮኽም የማነሳው እኔ ነኝ። «መምህር» ነው የሚሉኝ። ግማሹ ክብር ግማሹ ቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ሙሉውን እንደ ክብር ነበር የምቀበለው።

አንድ ቀን አብሮን የሚሠራ ሰው ከሃውቶርን ወዲያ ወዳለ የአፈር መም ወሰደን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪና ይሽቀዳደሙበታል። እንቁላል ቅርጽ ያለው ሜዳ ነው፤ ከውድድሩ በፊት ቦቴ ውኃ ይረጭበታል፣ ከዚያ አሮጌ መኪኖች በጎናቸው እየተንሸራተቱ ይዞራሉ። እኔ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ይልማ ግን ብድግ እንዳለ አልተቀመጠም። «ይሄ እኮ ሚሌ ነው!» አለ። «መምህር፣ እያቸው እስቲ፣ ግማሾቹ አያውቁበትም። አፈር ላይ መኪና በመሪ አይዞርም፣ በነዳጅ ነው የሚዞረው።» በብርዱ ወራት አንድ ፓራፋንጎው የተቆመጠ አሮጌ መኪና ገዛ። ወንበሩን አውጥቶ፣ መስታወቱን አርግፎ፣ በሮቹን በብየዳ አጣብቆ፣ በመስኮት የሚገባበት አደረገው። ኮፈኑ ላይ ሃያ አንድ ቁጥር ጻፈበት፣ ለማርያም ብሎ። አሜሪካኖቹ ለመጠጥ የሚፈቀድበት ዕድሜ መስሏቸው በጣም ወደዱለት፤ እኛም አላረምናቸውም። ውድድሩ የጀመረው በሁዳዴ መሃል ነበርና፣ ሆት ዶግ የምትሸጠዋ ሴት ይልማን ስታይ ገና ከሩቅ ዳቦው ላይ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ብቻ አድርጋ ታዘጋጅለት ጀመር። ሥጋ የማይበላው ሹፌር እያሉ ያወሩለት ነበር።

አሁን አሰላለፉን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። በዚያ መም ሁለት ዓይነት አሰላለፍ ነበር። ትልልቆቹና ውዶቹ መኪኖች በሰዓት ማጣሪያ ነው የሚሰለፉት፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሁለት ዙር ይሮጣል፣ ሰዓት ይያዝለታል፣ ፈጣኑ ከፊት ይቆማል። እንደኛ ያሉ አሮጌ መኪኖች ግን ማጣሪያ የላቸውም። መመዝገቢያው መስኮት አጠገብ በየአራት ሳምንቱ ዝርዝር ይለጠፋል፣ በዚያ ቅደም ተከተል ይቆማሉ። ዝርዝሩ በምን እንደሚወጣ አልጠየቅንም። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ይልማ ከፊት ረድፍ ነበር። «እንግዳ ስለሆንክ ነው» አልኩት፣ እንደሚያውቅ ሰው። ምን ይገርማል? እኛ እኮ በር ላይ ስንደርስ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባልን ወጥ የሚቀዘቅዝብን ሕዝብ ነን። ድግስ ቤት ማን ከፍ ብሎ ተቀመጠ፣ ማን ወደ በሩ ተገፋ በሚል ቤተሰብ ዓመት ይኳረፋል። ለእንግዳ ቅድሚያ መስጠታቸው እነዚህ ሰዎች ወግ ያውቃሉ አሰኘን እንጂ ሌላ ነገር በሐሳባችን አልመጣም።

ይልማ በሦስቱ ሳምንት ሁለተኛና ሦስተኛ እየሆነ ጨረሰ፤ በአራተኛው አሸነፈ። በመስኮቱ ሲወጣ ከዓይኑ በቀር ሁሉ ነገሩ አፈር ነበር። ወርቅ የተቀባች የፕላስቲክ ዋንጫ ሰጡት፤ ቤት ወስደን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጥናት፣ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ሁሉ ሊያያት መጣ። በአምስተኛው ቅዳሜ አዲሱ ዝርዝር ተለጠፈ። የይልማን ስም ከላይ ጀምሬ ፈለግኩ። ሁለተኛ ረድፍ የለም። መሃል የለም። አሥራ ስምንት መኪና ነው ያለው፤ ስሙ አሥራ ስምንተኛ ላይ ነበር።

ደሜ ፈላ። መስኮቱ ጋ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ እርሳስ ከጆሮዋ የማይለይ ዶሪስ የምትባል ሴትዮ አለች፤ ዝርዝሩን የምታወጣው እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ስቆም በምናገርበት እንግሊዝኛ፣ ባለፈው ሳምንት ያሸነፈ ሰው እንዴት መጨረሻ ይሆናል፣ እንደ ትልልቆቹ ለምን በሰዓት አትለኩትም አልኳት። ሳቀች። «ፈጣኑን ከፊት ካቆምነው ሰው ምን ሊያይ ይመጣል?» አለች። የቀረውን አላስጨረስኳትም። ሳቋ ነው የጨረሰኝ። አንድ ቢጫ ወረቀት በመስኮቱ ገፍታ «አንብበው» አለችኝ፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አስተማሪ የነበርኩ ሰው፣ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ኪሴ የከተትኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ መልቀሙን ለሠላሳ ዓመት አሳደርኩት።

ይልማ ጎማ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስር ነበር። «ምን አለች?» አለኝ።

«ሳቀችብን። ከሁሉም ኋላ ነህ። ውራ።»

«ለምን?»

«ለምን ይመስልሃል?» አልኩት።

ይህችን ቃል ባልተናገርኳት ብዬ የተመኘሁትን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም። መልሱን እኔ አልሰጠሁትም፤ ራሱ እንዲሞላው ነው የተውኩለት። የሚሞላበት ነገር ደግሞ ሞልቷል። ቤት ለመከራየት ስንደውል አለ፣ ፊታችንን ሲያዩ ተይዟል ይሉን ነበር። ሆቴሉ ደጃፍ ቁልፉን እጃችን ላይ ላለማስቀመጥ የሚወረውር ነበር። ያንን ሁሉ አይተናል፣ ውሸት አይደለም። ያን ቀን ግን ንቀቱ እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይልማ ተነሳ። መኪናውን አስነስቶ፣ ሌሎቹ ሊሰለፉ ሲወጡ በተመልካቹ ፊት አልፎ ሄዶ ያመጣንበት ተጎታች ላይ ጫነው። ሰው አጨበጨበለት። ያፌዙበት መሰለውና ዞርም አላለ።

ሰኞ ወሬው ሁሉ ቦታ ደርሶ ነበር፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ስናገረው ደግሞ በየጊዜው ይጨምራል፤ የዶሪስ ሳቅ እየረዘመ፣ የእኔ እንግሊዝኛ እያማረ ሄደ። ትልልቅ ሰዎች ይልማን «ኮራንብህ፣ እንዲህ ነው ወንድ» አሉት። ረቡዕ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄጄ ሱሪዬን ከመክተቴ በፊት ኪሱን ስፈትሽ ቢጫዋ ወረቀት ወጣች። ቆሜ አነበብኳት። ነጥቡ ያነሰ ከፊት ይሰለፋል፤ ነጥቡ የበዛ ከኋላ። ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል፤ ሁሉንም አልፎ እንዲያሸንፍ። የፊቱ ቦታ ለእንግዳ ተብሎ የተሰጠን አልነበረም፤ ነጥብ ስላልነበረን ነው። ኋላውም ውርደት አልነበረም። ይልማ የውድድሩ መሪ ነበር። ማሽኑ እስኪቆም ድረስ ወረቀቷን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ ቤቱ በሚያሞግሱት ሰዎች ተሞልቶ አገኘሁት። ነገ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ፤ እንደ ልማዴ አነሳሁ። ዶሪስ ናት። «የሃያ አንድ ቁጥር ቤት ነው? ቅዳሜ ቦታው ይጠብቀዋል በለው። የሚበልጣቸው ከኋላ ካልተነሳ ውድድሩ ለዛ የለውም» አለችኝ። እሺ እነግረዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። ይልማ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። «ማነው?» አለ። «ሮንግ ነምበር» አልኩት። በቃ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ይሄ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አውቄ የተናገርኩት ነው። ተሳስቼ ነበር የምትል አንዲት ቃል ከአንድ ጓደኛ ሕልም በልጣ ከበደችኝ። ይልማ መኪናውን ሸጠ፤ ብርዱ ሳይመለስ የአክስቱ ልጅ ያለበት ሚኒሶታ ሄዶ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ። ሜዳውም ቆይቶ ፈረሰ፤ አሁን መጋዘን ነው። ታክሲ በምነዳበት ዘመን ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ ሰው ጭኜ ካልሆነ በዚያ በኩል አልሄድም ነበር።

ታክሲ ውስጥ ሲጠበቅ ብዙ ይታሰባል። የትኛው ነው ፍትሕ እያልኩ አስቤያለሁ። በሰዓት ሲሆን ማንም አይበደልም፤ ሰዓት ዘመድ የለውም፣ የሮጥከውን ያህል ይሰጥሃል። ግን ብቻውን በባዶ ሜዳ የሚሮጥ ሰው የማንንም አቧራ አይበላም። ከኋላ የሚነሳ አሥራ ሰባት መኪና አቧራ ይበላል፤ ማለፍ የሚያውቀው እሱ ነው። እኛ እዚህ አገር የመጣን ጊዜ ሁላችንም ከኋላ ነው የተሰለፍነው፣ ነጥብ በዝቶልን ግን አይደለም፤ በዚህ ራሴን አላታልልም። በዚያች ሜዳ ብቻ፣ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ከኋላ ያቆመን ብልጫችን ነበር። ያችን አንዲት ቅዳሜ ነው ከይልማ የነጠቅኩት።

ምግብ ቤቱ ስገባ ይልማ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ጉልበቱን ታሞ ከዘራ ይዟል፤ ፀጉሩ አልቋል፣ ትከሻው ግን ያው ተሳቢ የሚጎትት ትከሻ ነው። ተቃቅፈን ቆየን። የቤቱ ባለቤት ሰናይት በአንድ ትሪ ምሳ አቀረበችልን። በልጅነቷ ታሪኩን ሰምታ ኖሯል፣ እጇን እየጠረገች ቆመች።

«ጋሼ ይልማ፣ ሬስ ያደርጉ ነበር የሚሉት እውነት ነው እንዴ?»

«ማድረግ ብቻ? አሸንፌያለሁ እንጂ!» አለ ይልማ። «እናልሽ፣ ስሚ። ባሸነፍኩ በሳምንቱ ከሁሉም ኋላ ውራ አቆሙኝ። ይሄ መምህር የምታዪው ወንድሜ ገብቶ በእንግሊዝኛ አፋጠጣቸው። እኔም መኪናዬን ጭኜ፣ ጥዬላቸው ወጣሁ። ልጆቼን ያሳደግኳቸው በዚህ ታሪክ ነው።»

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ሰናይት፣ ሌላ ሰው ጠርቷት ሄደች።

«ይልማ» አልኩት። «አልገባኝም ነበር ያኔ። ከኋላ የሚያቆሙት የሚበልጠውን ነው። በነጥብ አንደኛ ነበርክ። ሕጉን በአራተኛው ቀን አነበብኩት። አልነገርኩህም። ሴትየዋም ደውላ ነበር፣ ቦታው ይጠብቀዋል ብላ።» በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት።

ይልማ እጁን ከትሪው አወጣ። ጣቶቹን በናፕኪን አንድ በአንድ ጠረገ። እንደዚያ ከትሪ እጁን ሲያወጣብኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሽንኩርት እየከተፍኩ» አለ።

«አዎ።»

«ሮንግ ነምበር አልከኝ። ሮንግ ነምበር ከሆነ ለምን ‹እነግረዋለሁ› ይላል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ፣ መምህር ነው፣ ያውቃል አልኩ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

ናፕኪኑን አጣጥፎ ትሪው አጠገብ አስቀመጠ። «ልጆቼን ምን እያልኩ እንዳሳደግኳቸው ታውቃለህ? ወደ ኋላ ካደረጓችሁ ጥላችሁ ውጡ። ትልቋ ሦስት ሥራ ጥላ ወጥታለች። በሦስቱም ደውላ ‹አባዬ፣ እንዳንተ አደረግኩ› አለችኝ። እኔም ጎበዝ አልኳት።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፣ ሁለት ጊዜ። የሰማኝም አልመሰለኝ።

«ስንተኛ ነበር ያቆሙኝ?» አለኝ በመጨረሻ።

«አሥራ ስምንተኛ።»

«ከስንት?»

«ከአሥራ ስምንት።»

«ከሁሉም ኋላ» አለ ቀስ ብሎ። ቃሏን ሠላሳ ዓመት እንደ እሾህ ነበር የሚያወጣት፤ አሁን አፉ ውስጥ አገላብጦ ቀመሳት። እጁ ጠረጴዛው ላይ፣ ሳያውቀው፣ መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ቀኝ ሄደ፣ መለስ አለ። «አልፋቸው ነበር» አለ። መጠየቁ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እጁን ወደ ትሪው መለሰ፤ ለኔ ግን ያለወትሮው ጉርሻ አልሰጠኝም። ትሪውን ጨረስን።

ስንወጣ በሩ ላይ ደረስን። እንደ ልማዴ ወደ ጎን ብዬ «ቅደም» አልኩት። ይልማ በከዘራው በሩን ገፍቶ ያዘው፣ አልተንቀሳቀሰም።

«ሂድ ውጣ፣ መምህር» አለኝ፣ ሳይስቅ። «ቀርፋፋው ነው ከፊት።»

ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ እምቢ ያልኩ ሰው፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። በፌርፋክስ ወደ እርጥቡ አፈር አቅጣጫ መራመድ ጀመርኩ፤ ዞር ለማለት አልደፈርኩም። ከኋላዬ የከዘራው ድምፅ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ቶሎ ቶሎ እየሆነ፣ እየቀረበ መጣ።